ምሳው በምን ይሂድ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «አዲስ አበባ ውስጥ ምሳ እየሠራሁ ለቢሮ ሠራተኞች አደርሳለሁ። በቀን 60 ምሳ ይወጣል። እስካሁን እንጀራውን በፎም፣ ወጡን በትንንሽ ፌስታል እየቋጠርኩ ነበር የምልከው። አሁን ፌስታል ተከለከለ። አንዱ ነጋዴ ‹ራሱ የሚበሰብስ ነው› ብሎ ሌላ ፌስታል አመጣልኝ። ሌላው ከሸንኮራ አገዳ የተሠራ የምግብ ዕቃ ይዞ መጣ፤ ዋጋው የፎሙ ሦስት እጥፍ ነው። ልጄ ደግሞ ወረቀት ይሻላል ትለኛለች። ለአካባቢ የሚሻለው የቱ ነው? እኔንም የማያከስረኝን ንገሩኝ።»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደስ ያለኝ አካባቢንና ኪስን አንድ ላይ ማንሳትሽ ነው። የምግብ ማሸጊያ ላይ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ኪስን የዘነጋ ምክር ከሁለት ወር በላይ ሲቆይ አላየሁም።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ከሦስቱም ይልቅ አንቺን የሚያዋጣሽ ተመላሽ ምሳ ዕቃ ነው። ደንበኞችሽ በየቀኑ ያው ሰዎች ናቸው። አድራሻቸውም ያው ነው። ምሳውን የሚያደርሰው ልጅ ነገም ወደዚያው ይሄዳል። ብዙ ምግብ ቤት ይህን አያገኝም። ለምን እንደምልሽና እንዴት እንደሚሠራ ከታች በዝርዝር ጽፌዋለሁ። የተመላሹ ነገር ከብዶብሽ ለጊዜው የሚጣል ዕቃ መግዛት ካለብሽም የትኛው ከየትኛው እንደሚሻል እነግርሻለሁ።

ከዕቃው በፊት ግን ምግቡን እንይ። ጆሴፍ ፑር እና ቶማስ ኔሜቼክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ትልቅ ጥናት አውጥተው ነበር። በዓለም ላይ ምግብ ከማሳ እስከ ገበያ ሲደርስ የሚያስከትለውን የሙቀት አማቂ ጋዝ ደምረው ሲያዩት፣ የማሸጊያው ድርሻ 5 በመቶ ያህል ነው። ከ100 ብር አምስት ብር እንደማለት ነው። ሌላው የእርሻው፣ የከብቱ፣ የማዳበሪያው፣ የማጓጓዣው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ዕቃ ምግቡን በደህና ያደርሳል ወይ?» መሆን አለበት። ማሸጊያ አሻሽለን ምግቡ ከተደፋ ኪሳራ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ እንጀራ አቅራቢ ላስቲኩን ትቶ በወረቀት ከረጢት እንዲያሽግ የመከርኩት እኔ ነበርኩ። በማግስቱ እንጀራው ጠርዙ እንደ ቂጣ ደርቆ ተመለሰ። ከሱቅ ሱቅ የተሰበሰበውን ቁልል አይቼዋለሁ። ጤፉ ታርሶ፣ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ተፈጭቶ፣ ሦስት ቀን ተቦክቶ፣ በስንት መብራት ተጋግሮ ነው እዚያ የደረሰው። ካስቀረነው ላስቲክ ይልቅ የደፋነው እንጀራ ጉዳቱ እጅግ ይበልጥ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ላስቲኩም በራሱ መንገድ ያበላሻል። ከምጣድ የወጣ እንጀራ ትንፋሽ አለው። በትኩሱ ከታሸገ ላስቲኩ ከውስጥ በኩል ያልበዋል። ጠብታው ተመልሶ ወደ እንጀራው ዓይን ይወርዳል። ሻጋታ የሚጀምረው እዚያ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ቤትሽ ያለ ሰፌድ ነው። እንጀራው ሰፌድ ላይ ወጥቶ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ሳይደራረብ እስኪበርድ ድረስ ይጠበቅ። ከዚያ በኋላ በፈለግሽው ዕቃ አሽጊው። ይህን ብቻ ብታደርጊ ከማንኛውም አዲስ ዕቃ በፊት ትልቅ ሥራ ሠራሽ ማለት ነው።

የተደፋ ምግብ የአዲስ አበባ ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ሲደርስ ነገሩ አያበቃም። ክምሩ ሥር አየር አጥቶ የሚበሰብስ ምግብ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሚቴን በ20 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 እጥፍ ያህል ያሞቃል። ቆሼን ስናነሳ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም የሆነውን መርሳት አይቻልም። ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ እዚያው ጥግ የሚኖሩ፣ እኛ የጣልነውን እየለቀሙ የሚተዳደሩ ነበሩ። እኔ የምግብ ማሸጊያ ሳስብ ያ ቦታ ከዓይኔ አይጠፋም። የጣልነው ሁሉ የሆነ ሰው ደጃፍ ላይ ነው የሚያርፈው።

አሁን ወደ ነጋዴዎቹ እንመለስ።

«ራሱ የሚበሰብስ» የሚባለው ፌስታል ላይ በጣም ጠንቀቅ በይ። በዚህ ስም ቢያንስ ሁለት ዓይነት ነገር ይሸጣል። አንደኛው ተራ ፕላስቲክ ሆኖ እንዲፈረካከስ የሚያደርግ ኬሚካል የተጨመረበት ነው። ፀሐይ ሲያገኘው ይደርቅና ይበጣጠሳል። ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይጠፋም። ብናኙ አፈር ውስጥ፣ ውሃ ውስጥ ይቀራል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ዓይነቱን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከልክሎ፣ ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ገበያ ላይ እንዳይወጣ አድርጓል። ሁለተኛው ከበቆሎ ስታርችና ከመሳሰለው የሚሠራ ነው። ይህ በእርግጥ ይበሰብሳል። ግን ብዙዎቹ የሚበሰብሱት 60 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ባለው፣ እርጥበቱ በተመጠነ፣ ቆሻሻን ወደ ማዳበሪያ በሚለውጥ ማብላያ ጣቢያ ውስጥ ነው። ቀበና ወንዝ ውስጥ ወይም ቱቦ ሥር ያን ሙቀት አያገኝም። እዚያ እንደማንኛውም ፌስታል ተጠቅልሎ ውሃ ይዘጋል።

ነጋዴውን አንድ ነገር ጠይቂው። «በየትኛው ደረጃ ተመርምሯል? ወረቀቱን አሳየኝ» በዪው። የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 13432 ይባላል። እሱ ቢኖረው እንኳ የሚናገረው ስለ ማብላያ ጣቢያ ነው፤ ስለ መንገድ ዳር አይደለም። ከዚህ ሌላ የሕጉ ነገር አለ። በ1999 ዓ.ም የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ገበያው ግን በዚያው ቀጠለ። በ2017 ዓ.ም ምክር ቤቱ ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ጠንከር ብሎ መጥቷል። ስለዚህ ነጋዴው «ይፈቀዳል» ስላለሽ ብቻ አትግዢ። ከአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ጠይቀሽ፣ ከቻልሽ መልሱን በጽሑፍ ያዢ። ቅጣቱ ለሻጩ ብቻ አይደለም።

የሸንኮራ አገዳው ዕቃ ከዚህ በጣም የተሻለ ነው። የሚሠራው ጭማቂው ተጨምቆ ካለቀ በኋላ ከሚቀረው ቃጫ ነው። ለእሱ ተብሎ አዲስ እርሻ አይታረስም። ትኩስ ይችላል፣ ወጥም ለጥቂት ሰዓት ይችላል። ሁለት ነገር ግን እወቂ። አንዳንዶቹ ዘይት እንዳያሳልፉ ፒኤፍኤኤስ የሚባል ኬሚካል ይጨመርባቸው ነበር። ይህ ኬሚካል በተፈጥሮ በቀላሉ የማይፈርስ፣ ሰውነት ውስጥም የሚከማች ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ለወረቀት የምግብ ማሸጊያ እየተሸጠ ዘይት ይከላከል የነበረው ይኸው ኬሚካል ከገበያ መውጣቱን የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 አስታውቋል። ሌላ ቦታ ያልተሸጠ ክምችት ወደኛ እንዳይመጣ «ከፒኤፍኤኤስ ነፃ» የሚል ማረጋገጫ ጠይቂ። ሁለተኛው ነገር፣ ይህ ዕቃ ጥቅሙ ሙሉ የሚሆነው ከምግብ ትራፊ ጋር ተለይቶ ኮምፖስት ሲሆን ነው። ተደባልቆ ቆሼ ከገባ እሱም ሚቴን ያወጣል። ሰፈርሽ አትክልት የሚያለማ ማኅበር ካለ አነጋግሪያቸው። ቆራርጠው ከገለባና ከአትክልት ልጣጭ ጋር ቢቀብሩት ይጠቅማቸዋል።

ልጅሽ ያለችው ከቅን ልብ ነው፤ ብዙ ሰው እንደሷ ያስባል። ወረቀት ግን ሲመረት ብዙ ውሃና ኃይል ይበላል፣ ክብደቱም ከፌስታል ይበልጣል። የእንግሊዝ የአካባቢ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 የገበያ ከረጢቶችን አወዳድሮ ነበር። በአየር ንብረት ጉዳት ብቻ ሲለካ አንድ የወረቀት ከረጢት አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ ከሚጣለው ስስ ፌስታል ጋር ለመተካከል 3 ጊዜ ማገልገል አለበት። የጥጥ ከረጢት ደግሞ 131 ጊዜ። ወጥ የነካው ወረቀት ሦስት ጊዜ እንዴት ያገለግላል? ወጥ የሚችለው የወረቀት ኩባያና ሳህን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከውስጥ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ነው። ቀድደሽ ብታዪው ሽፋኑ እንደ ቆዳ ይላጣል። ወረቀት ለደረቅ ነገር ጥሩ ነው፤ ለዳቦ፣ ለቆሎ፣ ለብስኩት። እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው አለ። ቆሎና ሳምቡሳ በጋዜጣና በተጻፈበት ደብተር የሚጠቀለለው ነገር ቢቀር ደስ ይለኛል። የሕትመት ቀለሙ ዘይትና ሙቀት ሲያገኝ ወደ ምግቡ ይገባል። ንጹህ ነጭ ወረቀት ይሻላል።

ፎሙስ? እውነቱን ልንገርሽ፣ ነገሩ እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ሦስት የሚጣሉ የምግብ ዕቃዎችን አወዳድረዋል፤ አሉሚኒየም፣ ጠንካራ ፕላስቲክና ፎም። በስሌታቸው ከሦስቱ ዝቅተኛ ጉዳት የታየው በፎሙ ነው። ምክንያቱም አብዛኛው አካሉ አየር ነው፤ ለመሥራት የሚፈጀው ነገር ትንሽ ነው። ይህን የምነግርሽ ፎም ግዢ ለማለት አይደለም። ስሌቱ የሚቆጥረው ፋብሪካውን፣ ነዳጁን፣ ጭነቱን ነው። ፎሙ ተሰባብሮ ቦይ ውስጥ ሲገባ፣ ከዚያ ወንዝ ሲገባ የሚያደርሰውን አይቆጥርም። ቆራሌውም ፎም አይወስድም፤ ምን ያደርግለታል? በዚያ ላይ ፎም የሚሠራበት ስታይሪን የሚባል ኬሚካል በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» በሚባለው ምድብ ውስጥ ተመድቧል። ትኩስና ቅባት ያለው ምግብ ደግሞ ከዕቃው ጥቂት ጥቂቱን ይስባል። ትኩስ ወጥ ፎም ላይ መገልበጥ ይቅር።

የወጡ ፌስታል ግን ከሁሉም የከፋው ነው። አንድ ቀን አንድ ቢሮ ውስጥ ምሳ ሲበላ ተቀምጬ አየሁ። ሽሮው በትንሽ ፌስታል ተቋጥሮ መጥቷል። ቋጠሮው ከትኩሳቱ ጋር ጠብቋል። ሰውየው በጣቱ ሞከረ፣ እምቢ አለው፤ በጥርሱ ቀደደው። ሽሮው እንጀራው ላይ ፈሰሰ። ፌስታሉን ግን ቀና አድርጌ ሳየው በእጥፋቱ ውስጥ ሁለት ማንኪያ የሚሆን ሽሮ ተጣብቆ ቀርቷል። ከ60 ምሳ ውስጥ እንዲህ የሚቀረውን ደምሪው። አንቺ የሠራሽው፣ በርበሬና ዘይት የገዛሽበት ሽሮ ነው። ፌስታሉም በዘይት ስለተለወሰ ማንም አይፈልገውም። የሚፈልገው በሬና ላም ብቻ ነው። ጨውና ወጥ ስለሚሸተው ይበላዋል። ቄራ የሚሠሩ ሰዎች ከከብት ጨጓራ ውስጥ የሚወጣውን የፌስታል ቋጠሮ ያውቁታል።

ቆራሌው ፌስታል የማይወስደው በቂ ምክንያት ስላለው ነው። አንድ ፌስታል 5 ግራም ያህል ነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት 200 ፌስታል መልቀም፣ ማጠብ፣ ማድረቅ አለበት። ማን ይከፍለዋል? የሃይላንድ ፕላስቲክ ግን ዋጋ አለው። ለዚህ ነው ከመንገድ ላይ ቶሎ የሚነሳው። ዋጋ ያለው ነገር መንገድ ላይ አያድርም። በዓለም ደረጃ እስከ እ.ኤ.አ. 2015 ድረስ ከተጣለው ፕላስቲክ ሁሉ ተመልሶ የተመረተው 9 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ «መልሶ ይመረታል» የሚለው ቃል ብቻውን አያጽናናሽ። ማን ይገዛዋል ብለሽ ጠይቂ።

አሁን ወደ ምክሬ ልምጣ።

እኛ አገር የሚሠራ የተመላሽ ዕቃ ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ አለ። ልጅ ሆነን ለስላሳ ግዛ ተብለን ስንላክ ባዶ ጠርሙስ ይዘን ነበር የምንሄደው። ባዶ ካልያዝሽ ማስያዣ ትከፍያለሽ። ዛሬም ቢራና ለስላሳ በሳጥን ስትወስጂ እንደዚያው ነው። ጠርሙስ ሲመረት ከ1,500 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ጠጥቶ የሚጥለው ሰው ትልቅ ጉዳት ነው የሚያደርሰው። ያው ጠርሙስ ታጥቦ ሃያና ሠላሳ ጊዜ ሲመላለስ ግን ጉዳቱ ተከፋፍሎ ትንሽ ይሆናል። ዕቃው አልተለወጠም። የተለወጠው መመለሱ ነው። ማስያዣውም ሰውን መልሶ ያመጣዋል፤ ዋጋ ስላለው ማንም አይጥለውም።

ከዚያም በፊት አገልግል ነበር። በቆዳ የተለበጠ፣ ክዳን ያለው፣ ወጡንና እንጀራውን ሳያንጠባጥብ አገር ለአገር የሚያዞር ዕቃ። አንድ አገልግል ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ዘንቢልም እንደዚያው። የእናቶቻችን ዘንቢል እጀታው ተበጥሶ፣ ተጠግኖ፣ እንደገና ገበያ ይወጣ ነበር። የምልሽ ነገር እንግዳ አይደለም። አገልግሉን በስቲል ምሳ ዕቃ ተኪው ነው።

ለምን ስቲል? ፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ርካሽና ቀላል ነው፤ ግን የእኛን ወጥ አይችልም። የቁሌቱ ዘይትና በርበሬ ፕላስቲኩ ውስጥ ይሰርጋል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቀይ ይሆናል። የቅቤው ሽታ በምንም ሳሙና አይለቅም። ደንበኛ ከፍቶ ሲያሸተው ያልታጠበ ይመስለዋል። ስቲል ሽታ አይዝም፣ ፈላ ውሃ ይችላል፣ ቢወድቅ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም። ሲያረጅም ቆራሌው ከደጅሽ ይገዛሻል።

ጾምን አትርሺ። ረቡዕና አርብ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፍልሰታ ሲሆን ደንበኞችሽ «ትናንት ሥጋ የነበረበት ዕቃ ነው ወይ?» ብለው ማሰባቸው አይቀርም። ትክክል ናቸው። ዕቃውን ከመጀመሪያው ለዪው። የጾሙን ክዳን በአንድ ቀለም፣ የፍስኩን በሌላ ቀለም ምልክት አድርጊበት። ማጠቢያ ሳፋውና ስፖንጁም ይለይ። ይህን ያላደረገ ሰው ሥራው በመጀመሪያው ሁዳዴ ይቆምበታል። ሙስሊም ደንበኞች ካሉሽም የሥጋውን ነገር ከመጀመሪያው ተነጋገሪ።

ቁጥሩን እንመልከት። በቀን 60 ምሳ፣ በወር 26 ቀን ብንል 1,560 ምሳ ነው። አሁን ለእያንዳንዱ አንድ ፎም፣ ሁለት የወጥ ፌስታል፣ አንድ መያዣ ፌስታል ከሄደ በወር 6,240 የሚጣል ዕቃ ይሆናል። በተመላሽ ከሆነ 60 ደንበኛ ጋ ይሆናል፣ 60 ቤትሽ እየታጠበ ይሆናል፣ ለዘገየና ለጠፋ 20 ያህል መጠባበቂያ ይኖርሻል። 140 ዕቃ በቂ ነው። ጾሙንና ፍስኩን ስትለዪ ግን ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ረቡዕና አርብ ስንቱ ጾም እንደሚያዝ አይተሽ ጨምሪ። 140 ብቻ ነው ብንል እያንዳንዱ በወር 11 ጊዜ ያህል ይመላለሳል፤ በዓመት ከ130 ጊዜ በላይ።

ይህ ለአካባቢ ይበቃል? የማንቸስተሩ ጥናት ተመላሽ የፕላስቲክ ዕቃ ከፎም የተሻለ እንዲሆን እንደሚለካው ጉዳት ዓይነት ከ16 እስከ 208 ጊዜ ማገልገል አለበት ይላል። ስቲል ሲመረት የበለጠ ኃይል ስለሚፈጅ ቁጥሩ ከዚህ ከፍ ሊል ይችላል። ግን ስቲል አምስት ዓመት ቢያገለግልሽ 650 ጊዜ ይመላለሳል። የእኛ መብራት ደግሞ አብዛኛው ከውሃ ኃይል የሚገኝ ነው። ውጭ አገር ተመላሽ ዕቃ ላይ ትልቁ ጉዳት ማጠቢያ ውሃ ማሞቂያው ነው፤ እኛ ጋ በመብራት ካሞቅሽ ያ ጉዳት በጣም ይቀንሳል። በከሰል ካሞቅሽ ግን ጥቅሙን ታበላሺዋለሽ።

ለኪስሽ ደግሞ ይህን አድርጊ። ለአንድ ምሳ አሁን ለፎም፣ ለፌስታልና ለሌላው የምታወጪውን ደምሪ። የአንድ ስቲል ዕቃ ዋጋ ለዚያ አካፍይው። የሚወጣው ቁጥር ዕቃው ስንት ጊዜ ሲመላለስ ዋጋውን እንደሚመልስ ይነግርሻል። በወር 11 ጊዜ እንደሚመላለስ ስላወቅሽ ስንት ወር እንደሚፈጅ ታገኚዋለሽ። ሳሙናውን፣ ውሃውንና የሚያጥበውን ሰው ደመወዝ መጨመር አትርሺ። እነዚህን የዘነጋ ሒሳብ ያሳስታል።

አሠራሩ ላይ ትንሽ ዘርዘር ልበል፤ ብዙው ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። አድራሹ ልጅ የዛሬውን ምሳ ሲያስረክብ የትናንቱን ባዶ ይቀበላል። ባዶ ያልመለሰ ሰው ቀጣዩን ምሳ የሚወስደው ማስያዣ ከፍሎ ነው። ማስያዣው የዕቃውን ዋጋ ግማሽ ያህል ይሁን። በጣም ካነሰ ዕቃው ቤት ይቀራል፤ በጣም ከበዛ ደንበኛው ይሸሻል። ዕቃዎቹ ላይ ቁጥር አስቀርጪ። ቢሮ ውስጥ አንድ ሳጥን አስቀምጪ፣ በልተው እዚያ ያስገቡ። ትራፊውን ጠርገው እንዲያስገቡ በትህትና ጠይቂ፤ የደረቀ ሽሮ የሚያጥበውን ሰው ያሰቃያል። መያዣ ፌስታል ጨርሶ አያስፈልግሽም። ልጁ ሃያ ሃያ ምሳ ዕቃ በፕላስቲክ ሳጥን ደርድሮ፣ በላዩ ጨርቅ ጥሎ ይሂድ።

እጥበቱ ቀልድ የለውም። መጀመሪያ ትራፊው ይጠረግ። ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታሽ። ከዚያ በንጹህ ውሃ ይለቅለቅ። በመጨረሻ ተህዋሲያን የሚገድለው ይመጣል። ወይ 77 ዲግሪ በደረሰ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለ30 ሰከንድ ይነከር፣ ወይ በበረኪና ውሃ ይነከር። በረኪናው 5 በመቶ ክሎሪን ያለው ከሆነ ለ10 ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ትንሽ በለጥ ያለ ነው። ለአንድ ደቂቃ ያህል ይቆይ። ከዚያ በጨርቅ አትወልውዪ። ተደፍቶ በአየር ይድረቅ። ያደረ እርጥብ ጨርቅ የታጠበውን መልሶ ያቆሽሻል። ክዳኑ ላይ ጎማ ካለ ወጥቶ ለብቻው ይታጠብ፤ ወጥ የሚደበቀው እዚያ ነው።

አልፎ አልፎ ለሚያዝ፣ አድራሻው ለማይታወቅ ደንበኛ ተመላሽ አይሆንም። ለእሱ የሸንኮራ አገዳውን ዕቃ ያዢ። ሦስት እጥፍ ቢሆንም ለ60 ሰው ሳይሆን ለአምስት ለስድስት ሰው ስለሆነ አይከብድሽም። ራሱ ዕቃ ይዞ ለሚመጣ ሰው ትንሽ ቅናሽ አድርጊለት። ለወጡ ክዳን ያለው ዕቃ ካስፈለገሽ ታችኛው ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ያለበትን ፕላስቲክ ምረጪ። ሙቀት ይችላል፣ ሰውም ቤት ወስዶ ደጋግሞ ይጠቀምበታል። 6 ቁጥር ያለበትን ተዪው፤ ያ የፎሙ ዘመድ ነው። 1 ቁጥር ያለበት የሃይላንዱ ዓይነት ነው፤ ለቀዝቃዛ እንጂ ለትኩስ ወጥ አይሆንም፣ ይጨማደዳል።

ከዚህ ሌላ ዛሬውኑ ያለ ምንም ወጪ የምትቀንሺው ነገር አለ። የፕላስቲክ ማንኪያና ሹካ። እንጀራ በእጅ ነው የሚበላው። ቢሮዎች መሳቢያ ውስጥ ሳይከፈት የተከማቸውን ማንኪያ ብታዪ ትገረሚያለሽ። ሩዝና ፓስታ ላዘዘ ብቻ፣ እሱም ሲጠይቅ ብቻ ስጪ። ሶፍቱንም ከስድስት ወደ ሁለት አውርጂ።

ኮባን ደግሞ ለልጅሽ አሳያት። የጉራጌ እናቶች ቅቤ ገበያ የሚያወጡት በኮባ ጠቅልለው ነው፤ ድፎ ዳቦም በኮባ ሲጋገር እናውቃለን። ጠርገሽ፣ እሳት ላይ ለስለስ አድርገሽ፣ ምሳ ዕቃው ሥር ብታነጥፊው እንጀራው አይጣበቅም፣ እጥበቱም ይቀልላል። ሲጣል አፈር ይሆናል። አትክልት ተራ ወይም መርካቶ አካባቢ ከሚያመጡት ጋር ተነጋገሪ። ለ60 ምሳ በየቀኑ ላይገኝ ይችላል፤ ለድፎና ለአምባሻ ግን ይበቃል።

ፕላስቲክን ሁሉ ግን ጠላት አታድርጊ። የሽሮሽንና የጤፍሽን መጋዘን በተመለከተ፣ እህል አየር እንዳያገኝ የሚያደርገው ድርብርብ ከረጢት ነቀዝን ያለ መድኃኒት ይገድላል። ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ውጩ ማዳበሪያ ነው። ካልተቀደደ ለተከታታይ ዓመታት ያገለግላል። በርበሬም እርጥበት ካገኘ ይሻግታል፤ አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። ለበርበሬ ጠንካራ፣ በደንብ የሚዘጋ የፕላስቲክ ባልዲ መያዝ ትክክል ነው። ደጋግመሽ እስከተጠቀምሽበት ድረስ ጥፋት የለበትም።

እንግዲህ ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምሪ። ከደንበኞችሽ አንድ ቢሮ ምረጪ፤ ሰዎቹ የሚተዋወቁበት፣ በቀን 15 ያህል ምሳ የሚወስድ። ለዚያ 35 ዕቃ ግዢ። ከረጅም ጾምና ከበዓል ውጭ ባለ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሞክሪ። በየቀኑ ማታ ሦስት ነገር ደብተር ላይ ጻፊ፦ ስንት ወጣ፣ ስንት ተመለሰ፣ ለእጥበት ስንት ሰዓት ፈጀ። ከመቶ ሁለት ሦስት ቢጠፋ ችግር የለውም። ከአስር በላይ ከጠፋ ማስያዣው አንሷል ወይም ባዶውን የሚቀበል ሰው የለም ማለት ነው። ቁጥሮቹን ስታገኚ ጻፊልኝ፤ አብረን እናሰላዋለን።